ሬዲዮኑ ከፍ ሲል

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንዲት ልጅ በራችንን አንኳኳች። ጃንጥላ ይዛለች፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፣ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ነው የመጣችው። እናቴ መታመሟን ከሰፈር ሰምታ እንደመጣች ነገረችኝ። «በሳምንት አንድ ሁለቴ ከሰዓት በኋላ እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እርስዎ ገበያ ይሂዱ፣ ይተኙ፣ እንደፈለጉ ይሁኑ» አለች።

«ማን ላከሽ?» አልኳት።

«በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ማን ላከሽ ነው የምልሽ።»

መታወቂያዋን አስወልቄ ፊቱንም ጀርባውንም አየሁት። ማኅተም አለው፣ ፎቶውም እሷው ናት። ግን ማኅተም ደግሞ ምንድን ነው? ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ሞልቷል። ልቤ አላመነም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ወተት ስገዛ እንኳ ባለ ወተቷ እያየችኝ ጣቴን ነክሬ ነው ውኃውን የምፈልገው። በቤታችን ይህ እንደ ክፉ አመል አይቆጠርም ነበር። አጎቴ ፉፋ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ከጸሎት እኩል ነበር የሚደግመው።

ልጅቷን በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሻይ ላፍላ ብዬ ገባሁ። ሻዩ ሰበብ ነው፤ ቆም ብዬ ማሰብ ፈልጌ ነው። በዚያው በረንዳ ላይ፣ እኔ በዚህች ልጅ ዕድሜ ሳለሁ፣ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ተቀምጣ ነበር። ያኔም በሩ ላይ ቆሜ «ማን ላከሽ?» ያልኳት እኔው ነኝ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነው። የአምቦ ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ ዝናቡ በወንጪ በኩል ጠቁሮ ይመጣና ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው አይሰማም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ የዚያ ጭስና የእርጥብ አፈር ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ።

አባቴ ኦቦ ጉደታ ይባላል። እሱን በአማርኛ አባዬ፣ እናቴን ደግሞ በኦሮምኛ ሃርሜ ነው የምንላቸው፤ ለምን እንዲህ እንደተከፋፈሉት አላውቅም፣ ስንወለድ ሆኖ ያገኘነው ነው። አባዬ ዕድሜውን ሁሉ መንገድ ሥራ ውስጥ ግሬደር ሲነዳ ኖሯል። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ያለውን መንገድ እንደ ጓሮው ያውቀዋል። አውቶቡስ ተሳፍረን ስንሄድ እያንዳንዷ ጠመዝማዛ ላይ «ይህችን ያቃናኋት እኔ ነኝ» እያለ ያስቸግረናል፤ ፉፋ አብሮን ካለ ደግሞ «ያጣመምካትም አንተ ነህ» ይለውና እስክንወርድ ድረስ ሲጨቃጨቁ ይደርሳሉ። ፉፋ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ጌዶ ተቀምጦ ከብት ይነግዳል። የበሬውን ጥርስ ራሱ ገልጦ ካላየ የማንንም ቃል የማይቀበል ሰው ነበር።

በዚያ ዓመት አባዬን ሆዱን አመመው፣ ከሳ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሃርሜና ፉፋ አዲስ አበባ ወሰዱት። ሐኪሙ ፉፋን ለብቻው ጠርቶ ነገሩ ካንሰር እንደሆነ፣ ጉበት ድረስ እንደዘለቀ፣ ቤቱ ወስደው ቢያስታምሙት እንደሚሻል ነገረው። ፉፋ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትንሽ ቆመ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ከዚያ እየሳቀ ወጣ። «ጨጓራ ነው!» አለው አባዬን። «ተራ ጨጓራ! በርበሬ ተው ተብለሃል።»

ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ዛሬ የተማሩት ይከራከሩበታል፤ ያኔ ማንም አልተከራከረም። የሰማ ሰው ልቡ ይሰበራል፣ ልቡ የተሰበረ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ይሄዳል፣ በቃ። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ተማማለ። ለውሸቱ ሲባል ቤቱ በሙሉ አልጫ በላ። ሃርሜ የበርበሬውን ዕቃ ሳይቀር ጎረቤት ወስዳ አስቀመጠችው። ፉፋ ከጌዶ በመጣ ቁጥር ጩኮ ይዞ ይመጣና «ገብስና ቅቤ ለጨጓራ ፍቱን ነው» እያለ በማንኪያ ያጎርሰዋል።

አባዬም ጨጓራውን ተቀበለ። ጋቢውን ለብሶ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። እንዴት ነህ ሲሉት «ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ይህች ጨጓራ ናት እንጂ» ይላል። አይቃትትም፣ አያማርርም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል ግን እናያለን፤ አይተን እንዳላየን ሆነን ስለ ዝናቡ እናወራለን። ሃርሜ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያደረች እግሯ አብጦ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከእሱ ይልቅ እሷ በሽተኛ መስላ ነበር። እኔ በዚያ ክረምት የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባዬ እንዳያውቅ። የሚያውቅበት ቀን የሚሞትበት ቀን ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር።

ሲስተር ማርጋሬት ወደ አምቦ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ከአየርላንድ ነው አሉ። ነርስ ሆና አርጅታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ረጅም ሴትዮ ናት። ሥራዋ ሆስፒታል «ቤት ውሰዱት» ያለውን በሽተኛ ቤት ለቤት እየዞረች መንከባከብ፣ አስታማሚውን ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ነው ተባለ። በነጻ።

«በነጻ?» አለ ከተማው።

«በነጻ።»

«አሃ!»

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይህ «አሃ» ነው። ሰው አገሩንና ልጆቹን ጥሎ መጥቶ የማያውቀውን ሰው ትውከት በነጻ ያጥባል? አንዳንዱ «ልትሰብክ ነው» አለ፤ እኛ እኮ ወንጌል ከተቀበልን ቆይተናል፣ ምን ልትሰብከን? ሌላው «በሽታችንን እያጠናች ወደ አገሯ ትጽፋለች» አለ። የባሰበት ስለ ጉበትና ስለ ኩላሊት ያንሾካሹክ ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በዓይን የሚታየው ነው፤ ሲስተር ማርጋሬት የገባችበት ቤት ደጃፍ ላይ ብዙ ሳይቆይ የዕድር ድንኳን ይተከላል። ሊሞት ወደተቃረበ ሰው ስለምትሄድ ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ስለምትሄድ ነው የሚሞተው የሚለው ይበልጥ ያሳምን ነበር፤ እኔንም አሳምኖኛል።

የምትሄደው በቶላ ጋሪ ነው። የቶላ ፈረስ ግንባሩ ላይ ቀይ ዘርፍ አለው፣ ከሩቅ ይለያል። ጋሪው ብቅ ሲል ሴቶች ከየደጃቸው ወጥተው የማን በር ላይ እንደሚቆም ያያሉ፤ ካለፋቸው «ተመስገን» ብለው ይገባሉ። ምስኪን ቶላ ደንበኛ አጣ። ዘርፉን በአረንጓዴ ለወጠው፣ ማን ተታሎለት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ኮቴው ቀስ አለ፣ ቆመ። ቀና ብል አረንጓዴው ዘርፍ ከአጥራችን በላይ ይታየኛል። ወይኔ ጉዴ! አባዬ በረንዳው ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ነው የቆመችው። ጎመኑን ጥዬ ሮጥኩና የአጥሩን በር በሰውነቴ ዘጋሁት።

«ማን ላከሽ?» አልኳት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ።

«ሰው ጠርቶኝ ነው» አለች።

«ማን?»

«ያንን መናገር አልችልም።»

ቶላን አየሁት። ቶላ ፈረሱን ማከክ ጀመረ። በልቤ ሁሉንም አማሁ፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ትሆን? የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ይሆን? ወይስ ሃርሜ ድካሙ በዝቶባት? «ቤት ተሳስተሻል» ልላት አፌን ስከፍት የአባዬ ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

«ሌሊሴ! እንግዳ በር ላይ አይቆምም። አስገቢያት።»

ምን ላድርግ? አስገባኋት። ዞር ብዬ ለአባዬ «የጨጓራ ነርስ ናት» አልኩት፤ ሌላ ነገር ከየት ላምጣ።

«ለጨጓራም ነርስ መጣ?» አለ አባዬ። «ይገርማል፣ ዘመኑ ሠልጥኗል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምጣቷን አላቆመችም። አባዬን ታገላብጣለች፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ከሐኪም የታዘዘ ሽሮፕ ከትንሽ ጠርሙስ እየለካች ትሰጠዋለች። ከዚያ ሃርሜን በእጇ ወደ ውጭ ታሳያታለች፤ ሂጂ ተኚ ማለቷ ነው። ሃርሜ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። «ባሏን ለፈረንጅ ጥላ ተኛች ይበሉኝ?» ብላ ተቆጣች። አባዬ ነው ያስገደዳት። «ብርቄ፣ ሂጂ ጎረቤት ጋ ጋደም በይ። አንቺ ከወደቅሽ እኔን ማን ሊያነሳኝ ነው?» አላት፤ ነጠላዋን ደርባ እያጉረመረመች ሄደች።

እስከዚህ ድረስ ደህና። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የሚቀጥለው ነው። ሃርሜ ከወጣች በኋላ ሲስተር ማርጋሬት በሩን ትዘጋለች፤ ከዚያ ሬዲዮኑን ትከፍታለች። ዝም ብላ መክፈት አይደለም፣ እስከ መጨረሻው ነው የምታስጮኸው። የእርሻ ፕሮግራም ይሁን ዜና ይሁን ዘፈን ግድ የላትም። አጥር ማዶ ያለ ሰው እንኳ ስለ ስንዴ ዋግ ሳይወድ በግዱ ይማራል። በሽተኛ ያለበት ቤት ሬዲዮ ይጮኻል? በሽተኛ ሲኖር እኮ ድስት እንኳ ቀስ ተብሎ ነው የሚከደነው።

በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከሬዲዮኑ ሥር የአባዬ ድምፅ ይመጣል፤ ረጅም ወሬ ነው፣ በኦሮምኛ። ቃሉን መለየት አልቻልኩም። ሴትዮዋ ደግሞ ከኦሮምኛ «አካም»ንና «ኤዬ»ን ብቻ ነው የምታውቀው፤ አንዱ ሰላምታ፣ ሌላው «አዎ» ማለት ነው። በማግስቱ አባዬን «እኔ ገብቼ ላስተርጉምላችሁ» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምኑን?» አለኝ። «የምናወራው ነገር የለም። ጨጓራ ምን ወሬ አለው?»

ዋሸኝ! አባዬ እኔን ዋሸኝ! እኛ ለእሱ ስንዋሽ የከረምነውን ረስቼ ተንገበገብኩ። ምን እያስነገረችው ነው? ምን ልትወስድ ነው? ወይስ ነገረችው? በምልክትም ቢሆን፣ በዓይንም ቢሆን፣ ያንን ቃል ነግራው ከሆነ አባዬን ገድላዋለች ማለት ነው።

ፉፋ ከጌዶ ሲመጣ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት። አዳመጠኝና ጩኮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠርሙሱን አነሳ። አሸተተው፣ በብርሃን አየው፣ ክዳኑን ላሰው። «መራራ ነው» አለ፤ ይህ ብቻውን ጥፋት ይመስል። «ማን ጠራት?» አለኝ ቀጥሎ። አላወቅኩም አልኩት። «ሃርሜ ናት?» አይደለችም አልኩት፣ እሷም እኔን ነው የምትጠረጥረው። ፉፋ ጺሙን አሻሸ። «ያልተጠራ አይመጣም» አለ። «የጠራትን ካገኘን የምትፈልገውን እናገኛለን።» በሚቀጥለው ስትመጣ ግቢ ውስጥ ሆኖ ሊጠብቃት ወሰነ።

የዚያን ቀን የሆነውን ሳስታውስ ሳቄም ዕንባዬም አብሮ ይመጣል። ሲስተር ማርጋሬት መጣች፣ ሃርሜ ጎረቤት ሄደች፣ በሩ ተዘጋ፣ ሬዲዮኑ ጮኸ። ፉፋ ከዘራውን ይዞ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እኔ በቆሎ እየፈለፈልኩ አጠገቡ ነኝ። ያን ጊዜ ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

ጋሽ ወርቁ የዕድራችን ንብረት ኃላፊ ናቸው፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በእሳቸው እጅ ነው። ከትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ጡረታ የወጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጤፉ አወሩ። ከዚያ ባርኔጣውን እያሽከረከሩ «እንደው ኦቦ ፉፋ» አሉ፣ «አንዱ አባላችን ለእሁድ የልጁን ምርቃት ሊደግስ ድንኳኑን ጠይቆን ነበር…»

«ታዲያ ስጡታ» አለ ፉፋ።

«እሱማ እንሰጥ ነበር። ግን እንደው… ፈረንጇ እናንተ ጋ እየተመላለሰች ነው ሲሉ ሰማሁ። ምናልባት… እናንተ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው።»

ፉፋ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ምን?» ብሎ ተነሳ። ሬዲዮኑ ስለሚጮህ እሱም ጮኸ። «ጨጓራ ነው እኮ ያለበት! ጨጓራ!»

«አዎ አዎ፣ ጨጓራ» አሉ ጋሽ ወርቁ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። «ጨጓራ፣ እግዜር ያውቃል፣ ጨጓራ ብቻ…»

በዚህ መሃል መብራት ሄደ።

ሬዲዮኑ ቀጥ አለ። ዝናብ የለም፣ ነፋስ የለም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከተዘጋው በር ጀርባ የአባዬ ጩኸት ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባዬ ወጥቶ አያውቅም። ከሆዱ ሥር የሚመጣ፣ እንደሚታረድ በሬ ያለ ድምፅ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ልቅሶ አለበት፣ እንደገናም ቃል አለበት። የሴትዮዋም ድምፅ ይሰማል፤ «ኤዬ… ኤዬ… ኤዬ…» ትላለች።

«ገደለችው!» አለ ፉፋ። በሩን በትከሻው መታው። መቀርቀሪያው ተነቅሎ ተከታትለን ገባን፤ ጋሽ ወርቁም ባርኔጣቸውን እንደያዙ።

አባዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩን የሴትዮዋ ትከሻ ላይ አስደግፏል። ሁለት እጁ ሹራቧን ጨምድዶ ይዟል። እሷ በአንድ እጇ ጀርባውን ከላይ ወደ ታች ታሻሸዋለች። ሹራቧ በዕንባና በላብ ርሷል። ሲያየን ቀና አለ፣ ፊቱን በጋቢው ጠረገ፣ እንደምንም ብሎ ፈገግ አለ።

«ምነው?» አለ። «ጨጓራዬ ነው። ትንሽ ነካ አድርጎኝ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ወደ ውጭ ወጡ። ፉፋ ከዘራውን ወደ ሴትዮዋ ዘርግቶ «ምን አደረገችህ?» አለው በኦሮምኛ።

አባዬ ፈገግታውን ተወው። ደክሞታል፣ ፊቱ ላይ ይታያል። «ፉፋ» አለው፣ «ከዘራህን አስቀምጥ። የጠራኋት እኔ ነኝ። ከጤና ጣቢያ ስመለስ በቶላ ላኩባት።»

«ለምን?»

«ብርቄ እንድትተኛ። ሌላው ደግሞ…» ትንፋሽ ወሰደ። «ከእናንተ ጋር ስሆን ደህና መሆን አለብኝ። ቀኑን ሙሉ ደህና፣ ሌሊቱን ሙሉ ደህና። ሰለቸኝ። እሷ ስትመጣ እታመማለሁ። ተዉኝ፣ ትንሽ ልታመም።»

እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፉፋ አሁንም ሊሸሽ ሞከረ። «ጨጓራ እኮ ይድናል…» አለ።

«ፉፋ» አለው አባዬ፣ «ከተወለድክ ጀምሮ እሺ ብለኸኝ ታውቃለህ? ፀሐይ ወጣች ብልህ አልወጣችም ነው የምትለው። ከአዲስ አበባ ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህን መንገድ ያቃናሁት እኔ ነኝ ስልህ ‹ልክ ነህ ወንድሜ› አልከኝ። ያኔ አወቅሁ። ሐኪም ቢነግረኝ እንኳ እንዲያ አልደነግጥም ነበር።»

ፉፋ ከዘራውን ጣለና ወንድሙ እግር ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አባዬ በሁለት እጁ የሁለታችንንም ራስ ያዘ። የፈራሁት ነገር ደርሷል፣ አባዬ ያውቃል፤ ግን እንደፈራሁት አልሞተም፤ ይልቅ ራሴን ይደባብሰኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አስማለን። «ለብርቄ እንዳትነግሩ» አለ። «እሷ እንደማላውቅ አምና ነው የምትተኛው። ለእሷ ጨጓራ ነው።»

ሲስተር ማርጋሬትን በር ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲነግርሽ ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

«አንድም ቃል አልገባኝም» አለች። «ለዚህ ይመስለኛል የመረጠኝ።» ጃንጥላዋን ከፈተች። «በእኛ አገር በሽተኛን የሚቸግረው ብቻውን መሆኑ ነው፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ለብቻው መሆኛ ጊዜ ያጣል። ሬዲዮኑን ክፈቺ ብሎ በእጁ ያሳየኝም እሱ ነው።»

ቶላ ጋሪውን አዙሮ ነበር። የጠሪውን ስም የደበቀው እሱም አባዬን ፈርቶ ነው። «ምን ላድርግ፣ ልጄ፣ አስምለውኝ ነው» አለኝ፤ እኔም አኮረፍኩት፣ በማግሥቱ ታረቅን።

በማግሥቱ ደግሞ ፉፋ ገበያ ሄደ። የባትሪ ድንጋይ በፌስታል ሙሉ ገዝቶ ተመለሰ፣ ሬዲዮኑን ገልብጦ እያጉረመረመ አንድ በአንድ ከተተው። መብራት ቢሄድም እንዳይቆም ነው። ስለ ሴትዮዋ አንድም መልካም ቃል አልተናገረም፤ መቀርቀሪያውን ግን ራሱ መልሶ መታው። ከዚያን ቀን ጀምሮም ከአባዬ ጋር መጨቃጨቁን ቀጠለ። የጭልሞውን መታጠፊያ ያበላሸው ማን እንደሆነ፣ የደንዲ ስንዴ ይበልጥ የጌዶ፣ በሁሉም ነገር ተከራከረው። ሃርሜ «በሽተኛን እንዲህ ያደክማሉ?» ብላ ትቆጣዋለች። አባዬ ይስቃል። ሲስተር ማርጋሬት ስትመጣ ደግሞ ፉፋ ራሱ ሬዲዮኑን ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጓሮ ድረስ ይሄድልኛል።

አባዬ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ አረፈ። ጋሽ ወርቁ ድንኳኑን ሳይጠሩ ይዘው መጡ። ሲስተር ማርጋሬት ነጠላ አድርጋ ለቅሶ ስትመጣ ሴቶቹ ሸሸት ሸሸት አሉባት፤ ፉፋ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት። በጥር ወደ አገሯ ተመለሰች። ሰው እስከዚያ ድረስ መጥቶ ያን ሁሉ በነጻ የሚያደርግበትን ምክንያት እኔ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላገኘሁትም። ብትጠይቁኝ አሁንም እጠረጥራለሁ። ስንጥሩን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

ሻዩ ፈላ። ለልጅቷ አቀበልኳትና ወደ ሃርሜ ክፍል ገባሁ። ሃርሜ አሁን ከአልጋ አትወርድም። እኔና ወንድሞቼ የሐኪሙን ወረቀት ተካፍለን አንብበን ደብቀነዋል። «ቁርጥማት ነው፣ የክረምት ቅዝቃዜ ነው» ብለናታል። እሷም ተቀብላናለች። ስንጠይቃት «ፈያ፣ ይህች ቁርጥማት ናት እንጂ» ትለናለች። ግንባሯ ላይ ላብ ይወጣል፤ እኔ ስለ ዝናቡ አወራለሁ።

«ሃርሜ» አልኳት፣ «አንዲት ልጅ መጥታለች። ትንሽ ልታጫውትሽ… የቁርጥማት ነርስ ናት።»

ሃርሜ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ትግባ» አለች። «አንቺ ሂጂና ጎረቤት ጋ ጋደም በይ።»

«እሺ።»

«በሩን ዝጊው።»

«እሺ፣ ሃርሜ።»

«ሬዲዮኑንም ክፈቺልኝ። ከፍ አድርጊው።»

እጄ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ያን ክረምት ጎረቤት ተኝታ ነበር ያልናት ሃርሜ፣ ምንም አታውቅም ብለን የማልንላት ሃርሜ፣ አጥር ማዶ ጋደም ብላ ያንን ሬዲዮ ስትሰማ ኖራለች። አባዬ እንደ ልቡ እንዲታመም ብላ ተኛሁ ትል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ሳትተነፍስ። ልጠይቃት ዞር አልኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ሬዲዮኑን አነሳሁ። ገልብጬ የባትሪውን ክዳን ከፈትኩና ሁሉም በቦታቸው መሆናቸውን አየሁ፤ መብራትን ማን ያምናል። ከዚያ ልጅቷን ጠርቼ አስገባኋት፣ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት፣ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁ።